ዘፋኝ የሌለው አልበም

ባሌን ሰፈሩ የሚያውቀው ብረቱ በሚል ስም ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። በርና መስኮት ይሠራል። አጥር ይበይዳል፣ የደረጃ መደገፊያ ያጎብጣል፣ የተሰበረ የአልጋ እግር ይቀጥላል። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። ይሁን፣ እጁ ወርቅ ይሁን፤ ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ግን መጋዝ ያስፈልጋል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፤ እሷ እንኳ ከባሌ የተሻለ መልስ ትሰጠኛለች።

ሰው የሚያናድድ ልማድ ደግሞ ሞልቶታል። እንግድነት ስንሄድ አንዷን ጥግ፣ ግራ ጎኑን ለግድግዳ የሚሰጥባትን ቦታ ካላገኘ አይቀመጥም። ተይዛ ከሆነ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ የጓደኛዬን አማት ከተቀመጡበት አስነስቷቸው ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ሲያናግሩት አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እንዳልተፈጠራችሁ ያልፋችኋል። ንቆኝ ነው ብለው የተቀየሙ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እኔ ኩራት ነው ብዬ ደምድሜ፣ ከኩራቱ ጋር መኖር ከለመድኩ ቆይቻለሁ።

ልጃችን አንዲት ናት። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ አንገቷ አይታጠፍም። ሒሳብ አያያዝ ስትማር ቆይታ መሐል ላይ ተወችው። ተወችውና ማስታወቂያና ዘፈን የሚቀረጽበት፣ መስኮት የሌለው አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ገባች። መተዋን አባቷ የሰማው ከሷ አይደለም፣ ከእኔም አይደለም። መስኮት ሊያሠራ የመጣ አስተማሪዋ ነው፣ ልኬት እየተወሰደ፣ «ልጅዎ ምነው ቀረች? ጎበዝ ነበረች እኮ» ያለው። ባሌ ያን ቀን ቤት ገብቶ እጁን ሳይታጠብ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«አላማከረችኝም» አለ። «በሰው ፊት አዋረደችኝ።»

ልጅቷን ስጠይቃት ደግሞ፣ «ነግሬዋለሁ» አለች። «ነገርኩት፣ ዝም አለኝ። እንደ ሰው እንኳ አልቆጠረኝም።»

እሱን መልሼ ብጠይቀው ምሎ ተገዝቶ አልነገረችኝም ይላል። እሷን ብጠይቃት እያለቀሰች ነግሬዋለሁ ትላለች። ከሁለቱ አንዳቸው ውሸታም ናቸው፤ አንዱን አግብቼዋለሁ፣ አንዷን ወልጃታለሁ። የማንን ልመን? እሷ ልብሷን ሰብስባ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር መኖር ጀመረች። እሑድ እሑድ ትመጣለች። «ደህና ነህ?» «ደህና።» በቃ። ከዚያ ምሳ እየበላን እኔ ለሦስት ሰው አወራለሁ። ከዓመት በላይ እንዲህ ነው የኖርነው። ቆሽቴ አርሯል።

አንድ እሑድ ታዲያ ልጅቷ ምሳው ካለቀ በኋላ አልተነሳችም። ከቦርሳዋ አሮጌ ስልክና ባለ ሽቦ ኤርፎን አወጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «እዚህ ውስጥ አንድ አልበም አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስማልኝ። ስትጨርስ የተሰማህን ንገረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ባሌ ስልኩን አገላበጠው። የአልበሙ ሽፋን ላይ አምስት ጸጉራም ወንዶች አንድ አልጋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አውቶቡስ የዘገየባቸው ይመስላሉ።

«ምንድን ነው?»

«ሮክ ነው። እናንተ ሳትጋቡ በፊት የወጣ ነው። እስከ ዛሬ ሰው እንደ አዲስ ነው የሚሰማው።»

«ሮክ» አለ ባሌ። ደንበኛ መጥቶ የካርቶን በር ሥራልኝ ያለው ይመስል ነበር። ግን ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ዕቃ ስናጥብ ልጅቷ ጉዳዩን ገለጠችልኝ። ስቱዲዮ የገባችው በዚህ አልበም ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሰማችው ቀን የአውቶቡስ መውረጃዋን አልፋ ሄዳለች። «እኔ አፌን ከፍቼ ላስረዳው አልቻልኩም» አለችኝ። «ይሄ ያስረዳልኝ። በሚቀጥለው እሑድ የሚለኝ አንድ ነገር ከሌለ ግን፣ እማዬ፣ ከእንግዲህ እዚህ መምጣቱ ይበቃኛል። አንቺ እኔ ጋ እየመጣሽ ታዪኛለሽ።»

ይሄን የተናገረችው ሳህን እየጠረገች፣ ቀና ሳትል ነው። የልጄን ነገር አውቃለሁ፤ ለማስፈራራት የምትናገር ልጅ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳምንት እግዜር ለጠላቴም አይስጠው። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ጀመረው። መጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው በጊታር ነው፤ ባሌ ጊታሩን ሲሰማ ኤርፎኑን ነቅሎ ዘወር አለና የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ሳያጠፋ የተወው መስሎት ሶኬቱን ነቀለ። ኤርፎኑን መልሶ ጆሮው ከተተው፤ ጩኸቱ አለ። ይሄንን ምሳ ይዤለት ስሄድ ነው የነገረኝ፤ ሳይስቅ።

«ቀኑን ሙሉ ከምሰማው በምን ይለያል?» አለ። «እኔ ይሄን ድምፅ ብር እየተከፈለኝ ነው የምሰማው። ሰው ወድዶ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ስማ። ለልጅህ ስትል ስማ።»

ይሰማል። የሚሰማው ግን እንዴት ነው? አንዱን ኤርፎን ቀኝ ጆሮው ውስጥ ይከትና ሌላውን ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ያ የተንጠለጠለው ነገር ሲወዛወዝ ሳየው ደሜ ይፈላል።

«ሁለቱንም ክተት እንጂ! ሁለት የተሠራው ለሁለት ጆሮ ነው።»

«አንዱ ይበቃኛል። ደንበኛ ሲመጣ ልስማ።»

ማክሰኞ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ረቡዕ ቻርጅ አድርጌ ሰጠሁት፣ አንድ የሆቴል ባለቤት የደረጃ መደገፊያው ተንጋዷል ብሎ ሲጮህበት ዋለ። ሐሙስ ማታ አልጋ ላይ ጀመረውና ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ አንኮራፋ። ጎኑን ጎሰምኩት። «እየሰማሁ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ያን ጊዜ ትራሱን አንስቼ ፊቱ ላይ ልጭንበት ምንም አልቀረኝም።

የሚያማርረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዘፋኙ የት አለ?»

«ቆይ፣ ይመጣል።»

«መቼ? አምስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ከበሮ አለ፣ ወፍራም ጊታር አለ። አንዳንዴ ከሩቅ፣ ከጓዳ የሚመስል፣ ሰው የሚያቃስት ይመስለኛል። የሚዘፍን ግን የለም።»

«ምናልባት ሙዚቃ ብቻ ነው» አልኩት። እኔ አልሰማሁትማ። አምስቱን ጸጉራሞች ሳይ በቅቶኛል።

አንድ ነገር ግን መመስከር አለብኝ። ቅዳሜ ዕለት ሱቁን ቀድሞ ዘጋ። ቅዳሜ የገበያ ቀኑ ነው፤ ታምሞ እንኳ አይዘጋም። ቤት ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያንን አልበም ከአናቱ እስከ ታችኛው ድረስ ሳይነሳ ሰማው። እኔ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ግንባሩን ቋጥሮ፣ እግሩን በቀስታ እየመታ፣ ሥራ ሲረከብ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው። እንዲህ ሲለፋ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ወዲያውም ተናደድኩ፤ ይሄን ያህል መልፋት ካወቀ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ስልክ መደወል አቅቶት ነው?

«እሺ፣ ነገ ምን ልትላት ነው?» አልኩት።

«ከበሮው ጥሩ ነው።»

«ከበሮው ጥሩ ነው ብቻ?»

«ዘፋኝ የለውም። ምን ልበል ታዲያ?»

«ቆንጆ ነው በላታ! ምን ቸገረህ? ቆንጆ ነው፣ ነካኝ በላት፣ ይለቅ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ያልሆነውን ሆኗል ብዬ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። በዚህ ጠባዩ ስንት ደንበኛ እንዳባረረ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ መጣች። ጸጉሯን ተሠርታ ነበር፤ ለአባቷ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። ምሳውን ማን እንደበላው አላውቅም። ሰሃኑ ሳይነሳ ጠየቀችው።

«ሰማኸው?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ደጋግሜ።»

ፊቷ በራ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «እና?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደዚያ ረጅም ነገር ሲናገር ከሰማሁት ዘመን ሆኖኛል። «ከበሮ መቺው ሥራውን ያውቃል። አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ያ ወፍራሙ ጊታር ደግሞ ሁሉን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እሱ ባይኖር ቤቱ ይፈርሳል። ግን ልጄ፣ ያልተጨረሰ ሥራ ነው። ዘፋኝ የለውም። እኔ በር ሠርቼ ቁልፍ ሳላስገባለት ለሰው አላስረክብም።»

«ምን የለውም?»

«ዘፋኝ።»

«አባዬ፣ ዓለም ያበደው በዘፋኙ እኮ ነው! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍናል። አፉን አይዘጋም።»

«የለም። ሰምቼዋለሁ አልኩሽ።»

«አልሰማኸውም።» ድምፅዋ ቀጠነ። «አንዱን ዘፈን ከፍተህ ዘጋኸው፤ አሁን ደግሞ ትቀልድብኛለህ። አንድ ነገር ለመንኩህ። አንድ ነገር!»

ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ እዚያው ተነስቼ እሱ ላይም እሷ ላይም ጮኽኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ብቻ አውቃለሁ። ልጅቷ የበሩን እጀታ ይዛለች። ያን ጊዜ ባሌ፣ ያ ድንጋዩ ባሌ፣ ማንኪያ አንስቶ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ያበደ መስሎኝ ነበር። እየመታ፣ «ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለ። ቆም አደረገና በሌላ አመታት ቀጠለ። «ይሄ ሦስተኛው። ይሄ እዚህ ጋ ይቆማል፣ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ከበሮው ብቻውን ይገባል። ስድስተኛው ላይ ነው። አልሰማሁም? ምን ብዬ ላረጋግጥልሽ?»

ልጅቷ ከበሩ ላይ ዞረች። አመታቱ ልክ እንደነበር ከፊቷ ገባኝ። አንዴ ማንኪያውን፣ አንዴ አባቷን ታያለች።

«ከበሮው እንዲህ ገብቶህ ዘፋኙ እንዴት ቀረህ?» አለች፣ ለራሷ ይመስል። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «በየትኛው ጆሮህ ነው የምትሰማው?»

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«በቀኙ!» አልኩ እኔ። «አንዱን ብቻ ነው የሚከተው። ሁለቱንም ክተት ብዬ ስንት ጊዜ ጮኽኩበት መሰለሽ።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ስልኩን ወሰደች፣ የግራውን ኤርፎን አነሳችና እጇን ሰዳ አባቷ ግራ ጆሮ ውስጥ ከተተችው። የቀኙን በመዳፏ ያዘችው። ከፈተች። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ይሰማኛል፤ አንድ ወንድ እናቱ የሞተችበት ይመስል ይጮሃል፣ ቀጭን ሆኖ ከጆሮው ጥግ ይወጣል። ባሌ ግድግዳውን እያየ ቁጭ ብሏል። ሽፋሽፍቱ አልተንቀሳቀሰም። ሁለታችን እንዳፈጠጥንበት ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«አዎ» አለ። «አሁን ጥሩ ነው።»

ልጅቷ ዘፈኑን ካቆመችው ቆይታለች።

ኤርፎኑን ቀስ ብላ አወጣችለት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ የዚያን ዘመን ቀራጮች አንዳንዴ ከበሮውንና ወፍራሙን ጊታር በአንድ በኩል፣ ዘፋኙን በሌላው በኩል ለብቻው ያደርጉታል። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ የሰማው ግማሹን ነው። ቤቱን ሰምቷል፣ ሰውዬውን አልሰማም።

«ይሄ ጆሮህ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማው?» አልኩት።

«እንጃ። እዚህ ግቢ ሳንገባ በፊት ነው። መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኝ ነበር። ከዚያ ተወኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? ትበይጂልኝ ነበር?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደንቆሮ ነው ከተባልኩ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ማሽኑ ሲነጫነጭ የማይሰማ ሰው ጋ ማን ብረቱን ያመጣል?»

በቁሜ ተቃጠልኩ። ያ ሁሉ ግድግዳ መፈለግ፣ ያ ሁሉ ኩራት ብዬ የዋጥኩት ነገር! የጓደኛዬን አማት ሁሉ አስቀይሞብኛል! እኔ የምተኛው በቀኙ ነው፤ ስጨቀጭቀው የኖርኩትን አንድም ሳይቀር ሰምቶኛል ማለት ነው። ከገባሁበት ንዴት መውጫ አጥቼ እዚያው ሳለሁ ልጅቷን አየኋት። እሷ አልተናደደችም። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል።

«የክሊኒኩን በር ቀለም ስትቀባ» አለች። «ትልቁን፣ ሰማያዊውን። ደጃፉ ላይ አጋድመኸው ነበር።»

«አዎ?»

«ያን ቀን መጥቼ ነበር። ከኋላህ ቆምኩ፣ በግራህ። ፊትህን እያየሁ መናገር ስለፈራሁ ነው። ማሽን አልነበረም፣ ሰው አልነበረም። ነገርኩህ። ብሩሽህን እንኳ አላቆምክም።»

ባሌ ወንበሩን ገፋ። ተነስቶ ዞረና ቀኝ ጎኑን ሰጣት፤ ይሄን ሲያደርግ ስንት ዘመን ሳየው ኖሬ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ምን አልሽኝ?»

እሷ ወለሉን አየች።

«ልጄ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ሒሳቡን ልተወው ነው አልኩህ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ግን አንተ አትተዪው ካልከኝ አልተውም አልኩህ። ከፈለግክ እቀጥላለሁ፣ አንድ ቃል በለኝ አልኩህ። ቆሜ ጠበቅኩህ፣ አባዬ። የበሩን አንዱን ገጽ ጨርሰህ ወደ ሌላው እስክታልፍ ቆሜ ነበር።»

እኔ ይቅርታ ይላታል፣ ያቅፋታል ብዬ ጠበቅኩ።

«አትተዪው እልሽ ነበር» አለ።

አምላኬ! ዛሬ እንኳ ቢዋሽ ምናለ? ላንቀው ብድግ ብል ደስ ባለኝ። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው፤ ብትሰማ ኖሮ ይቺ ልጅ ዛሬ የሰው ሒሳብ ስትደምር ትውል ነበር፣ እሑድም ሌላውም ቀን እቤቷ ነበረች። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። እውነት አላውቅም።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «እንደምትለኝ አውቄ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልደገምሽውም? ሰው አንዴ ጠይቆ ይሄዳል?»

«ጀርባውን የሰጠኝን ሰው ስንቴ ልጠይቀው?»

«ትከሻዬን አትነኪም? እጅ የለሽም?»

«አንተስ ጆሮዬ አይሰማም ማለት አትችልም? አፍ የለህም?»

እንዲህ ተጀመረ። እሱ የትምህርቱን ነገር አነሳ፣ አስተማሪው ፊት የተሰማውን ውርደት አነሳ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ ነው አለ። እሷ ሥራዋን እንዲያው አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አላየሁም አለ፤ ታዲያ ሳታየው ምን ታወራለህ አለችው። ቀኝ ጆሮው ስር ቆማ ትጮሃለች፤ እያንዳንዷን ሰምቶ ለእያንዳንዷ መልስ ይሰጣል። ያ ሰው ለካ ይሄን ሁሉ ቃል አለው። በመሐል ገብቼ ላስታርቅ አሰብኩ፤ ከዚያ ሰሃኖቹን ወደ ዳር አደረግሁና ተቀመጥኩ።

ጩኸቱ ሲበረታ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። «ሰላም አይደለም?»

«ሰላም ነው» አልኳት በመስኮት። «አባትና ልጅ እያወሩ ነው።»